የላክኸው የሽንት ቤት መቀመጫ ነገር

ይድረስ ለወንድሜ ለኑሩ ይማም፤ ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ሲይዝህ የነበረው ነገር ተወህ ወይ? ሙቀቱስ ትንሽ በረድ አለላችሁ? ባለቤትህ መሬማ እንዴት ናት? ኸድር የፊት ጥርሱ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ በቀለለት? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ልጄ ነጃት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ባለቤቴ አወልም በወር አንዴ ከሚሠራበት ከማንኩሽ ብቅ ይላል፤ እሱም መኪናውም ደህና ናቸው። አባባም አለ። የእሱን ነገር ግን ረጋ ብዬ ልጻፍልህ።

አንተ ስትደውል አባባ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። እጁ ቢደክም ጆሮው አልደከመም። ስለዚህ «የላክሁት ዕቃ እንዴት ሆነ?» ባልከኝ ቁጥር «ጥሩ ነው፣ አላህ ይስጥህ» እያልኩ ከረምኩ። ውሸቴን ነበር ኑሩ። ጎረቤታችን ሂባ ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ እውነቱን ጽፌ በእጇ ልኬልሃለሁ። ብትቆጣም ተቆጣ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ።

ግንቦት ላይ ስትሮክ ከመታው በኋላ ከገጠር ከአምባው ወደ አሶሳ እኔ ቤት እንዳመጣሁት ታውቃለህ። የማታውቀው ሌላ ነው። የከዳው ግራ እጁ ነው። ጉድጓዱ ላይ ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ ቢችል እንኳ የሚታጠብበት እጅ የለውም። ቀኙ ደግሞ ግድግዳ ካልያዘ ሰውነቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ላግዝህ ስለው ፊቱን አዞረብኝ። አወል ሲመጣ ብቻ እሺ ይላል፤ አወል ደግሞ በወር አንድ ቀን ነው። እንዲህ እያለ ሶላቱን ቤት ውስጥ እንኳ እየተወ መጣ። መስጂድማ ጭራሽ ቀረ። የሰፈሩ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁት «እግሬን አሞኝ ነው» ይላቸዋል። ለእኔ ግን አንድ ቀን «ንጹሕ ያልሆነ ሰው ከሰው ጋር ተሰልፎ እንዴት ይሰግዳል?» አለኝ። ይህን ስነግርህ ነው አንተም በሆቴላችሁ የምትገጥሙትን፣ ውሃ በራሱ የሚረጨውን መቀመጫ የላክኸው። አስበህ ነው። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቤቴ ምን እንዳለ ጠይቀኸኛል?

ዕቃው ሲደርስ የቧንቧ ሠራተኛው ኢዘዲን መጣ። የበርታ ልጅ ነው፤ ንግግሩ አጭር፣ ሥራው ግን ጥንቃቄ ያለው። ካርቶኑን ከፍቶ ብዙ አየውና «ይሄ ዕቃ ቆንጆ ነው። ግን መብራት ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል። አንቺ ቤት ሁለቱም ይመጣል ይሄዳል» አለኝ። ሰማሁት? አልሰማሁትም። ወንድሜ ከሻርጃ የላከው ነው ብዬ፣ ጉድጓዱ ላይ የሴራሚክ ሳህን አስተክዬ አስገጠምኩት። መመሪያው በቻይንኛ ነው፤ አንተ በስልክ «መመሪያውን አንብቢ» ስትለኝ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

አባባ መጀመሪያ ቀን ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ትንሽ ቆይቶ «አጥፊው! አጥፊው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ አላውቅም፤ ውሃው በኃይል እየተረጨ አልቆምለት ብሏል። በሩ ተቆልፏል፣ ልገባ አልችልም። ሮጬ ሄጄ የውሃ ሮቶውን መዝጊያ ዘጋሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል በሩ ላይ ቆምኩ። ሲወጣ ሸሚዙ ከጀርባው በስብሶ ነበር። ሳያየኝ አለፈና «በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ አደረጋችሁኝ» አለ። አንተንም ጭምር ነው፤ እንድታውቅልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከዚያ ቀን በኋላ ምግቡ ቀነሰ። ጠግቤአለሁ ይላል። ሾርባውን ትቶታል፣ ሻዩን ግማሹን ይተወዋል። እኔ በሽታው መስሎኝ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ አየችና ሰውነቱ ውሃ አንሶታል አለችኝ። የገባኝ ያኔ ነው። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብሎ ራሱን እያስራበ ነበር። አባታችን፣ በቤቱ ምግብ ሞልቶ! አስተማሪ ነኝ፣ የአርባ ልጅ ፊት አንብቤ ማን እንደራበው አውቃለሁ፤ የአባቴን ግን አላወቅኩም። ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ዕቃ ምርጫው የእኔ ሆነ። ባለ ሱቁ ለገሰ በእጅ የሚያዝ፣ ጎማ ያለው መርጫ አሳየኝ። «ሁሉም የሚወስደው ይህንን ነው» አለኝ። ሁሉም ሁለት እጅ አለው አልኩት። ቀኙ ጎማውን ከያዘ ግድግዳውን ማን ይይዝለታል? ሌላ ሱቅ ብሄድ ያው፣ ሦስተኛውም ያው። አንዱማ «እናትሽን ራስሽ እጠቢያት፣ ምን አለበት» አለኝ፤ አባቴ ናቸው ስለው ሳቀ። ሽንት ቤት ስጠይቅ የማይስቅ ነጋዴ በአሶሳ ያለ አልመሰለኝም።

መላ ያመጣው ኢዘዲን ነው። ከተራ መቀመጫ ሥር የሚገባ፣ መብራት የማይፈልግ፣ በቀኝ በኩል አንድ መዘውር ብቻ ያለው ነገር አለ፤ አንዴ ከፈቱት እጅን ነፃ አድርጎ ይረጫል አለኝ። ለገሰ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ ብሎ ሦስት ሳምንት አስጠበቀኝ፤ የመጣው ያው ባለ ጎማው ሆኖ አረፈ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ጮህኩበት። እኔ! ተማሪዎቼ አይተውኝ ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ ትክክለኛው መጣ። ሲገጠም ደግሞ ውሃው እንደ ምራቅ ይንጠባጠባል፤ ሮቶው ዝቅ ብሎ ኖሯል። ኢዘዲን ከፍ ያለ የብረት መቆሚያ አሠርቶ ሮቶውን አወጣልኝ፤ ከግድግዳውም ላይ አባባ በቀኙ የሚይዘው ብረት ተከለ። መዘውሩን ለአባባ ያሳየው እሱ ራሱ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጦበት ነው። «እዚህ ክፈት፣ እዚህ ዝጋ። ሌላ የለም» አለው። አንድም ጊዜ አልሳቀም።

ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ አባባ ገባ። እኔ ጓሮ ውስጥ ልብስ የማጥብ መስዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ውሃው ተከፈተ፣ ቆየ፣ ተዘጋ። ሌላ ምንም። ወጣና «ውሃውን ማን አሞቀው?» አለኝ። ሮቶው ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ስታቃጥለው ውላለች አልኩት። «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ማንቆርቆሪያውን አምጪ አለኝ። ውዱእ አድርጎ የዙህር ሶላቱን በረንዳው ላይ ሰገደ። ከትናንት በስቲያ ጁምዓ ደግሞ በምርኩዝ መስጂድ ሄደ። ሰዉ ከበበው አሉ፤ ሲመለስ ደክሞት ተኛ፣ ተነሥቶ ግን በላ።

የአንተ መቀመጫ ካርቶኑ ውስጥ ነው። መልሼ ልላክልህ ብል የሚወስድልኝ የለም። ልትሰማኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ከሩቅ ሆነህ የምታስበው ቤት እና እኔ የምኖርበት ቤት አንድ አይደሉም። ከመላክህ በፊት ጠይቀኝ። ስድስት ወር ሙሉ ብቻዬን ነው የተንገላታሁት፤ የተናደድኩትም ስለማልወድህ አይደለም። ስትደውል ደግሞ ስለ ሽንት ቤቱ አንዲት ቃል እንዳትናገረው። ስለ ማሽላው ጠይቀው። መሬቱን የሚያርስለት እኩል አራሽ ዘንድሮ አስቀድሞ አጨደ ብሎ ተናድዷል፤ የሚያወራለት ሰው ይፈልጋል።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ማሽላ የምጽፍልህ መስሎታል። ነጃት ኸድርን ሳምልኝ ትልሃለች። አወልም ሰላምታው ይድረስህ። መሬማን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ እህቴን አደራ። ሂባን በደንብ ተቀበላት፤ አገሩ አዲስ ነው ለእሷ።

እህትህ ሰዕዲያ ይማም
አሶሳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.