ሞክራችሁ ካልሆነ

ውድ ናኦሚ፣

ስደውልልሽ እኔ የአባትሽን ጤንነት እጠይቃለሁ፣ አንቺ የሱቁን ገበያ ትጠይቂኛለሽ፣ ከዚያ «በል ቻው»፣ «ቻው» ተባብለን እንዘጋለን። እኔ ማውራት የምጀምረው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀት መሃል ላይ ገብቶ «ሌላስ እንዴት ነው?» አይለኝም።

ጉርድ ሾላ እንደተውሽው ነው ልልሽ ነበር፣ ግን አይደለም። ፊት ለፊታችን የነበረው ሻይ ቤት ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። የእኛ የፓምፕና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ግን አለ። የውሃ ሮቶዎቹ ዛሬም ደጁ ላይ ተደርድረዋል፤ በትልቁ ሮቶ ጥላ ሥር የምትቀመጪባት በርጩማም አለች። ደንበኛ ሊቀመጥባት ሲል «እሷ እንኳ የሰው ናት» እላለሁ። ሰው ግራ ገብቶት ቆሞ ይስተናገዳል።

አቶ መርሃዊን መቼም አትረሺያቸውም፤ የሲኤምሲውን አፓርታማ ኮሚቴ ሰብሳቢ። መጀመሪያ የመጡ ቀን «ፓምፑ ይጮሃል፣ ውሃ ግን አይገፋም፤ አዲስ ስጡኝ» ሲሉ እኔ ካርቶኑን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀምሬ ነበር። አንቺ ግን «ሰሞኑን ውሃ ጠፍቶ ነበር እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሻቸው።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልነበረም። ዛሬ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው አልተበላሸም፣ አየር ገብቶበት ነው። መጀመሪያ መብራቱን ያጥፉ። ከዚያ አናቱ ላይ ያለችውን ብሎን ፈተው እስኪሞላ ውሃ ያፍስሱበት፣ መልሰው ጥብቅ ያድርጉና ያስነሱት። ይህን ሁሉ ሞክረው ካልሆነ፣ ያኔ ይጥሩን፤ እንመጣለን።»

ሰውዬው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እኔ ካርቶኑን መልሼ እየሰቀልኩ «ለመሆኑ የከፈትነው ሱቅ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?» አልኩሽ። አንቺ ቀና እንኳ ሳትይ «ሳይበላሽባቸው ብንሸጥላቸው፣ የእውነት የተበላሸ ቀን ወደ እኛ የሚመጡ ይመስልሃል?» አልሽኝ።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ሊገዙ አልነበረም፤ ውሃው እንደወጣ ሊነግሩን ብቻ ነው ከሲኤምሲ ድረስ የመጡት። ከሳቸው በኋላ ጎረቤቶቻቸው መምጣት ጀመሩ፣ እነሱም መጀመሪያ ለመጠየቅ፣ ቆይተው ደግሞ ለመግዛት። ያኔ ነው ስልክሽን አውጥተሽ «እስቲ ፓምፑን ያዝልኝ» ያልሽኝ።

ቪዲዮአችን እንዲህ ተጀመረ። የእኔ እጅ፣ ያንቺ ድምጽ። የሮቶ ውሃ ለምን እንደሚሸት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በአንዲት ጎማ እንዴት እንደሚድን፣ ስንቱን ለሰው አስተማርሽ። በየመጨረሻው ያቺኑ ቃል ትያለሽ፤ «ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ያኔ ጥሩን፤ እንመጣለን»። ሰው ጠራን፣ ሄድን። የያዝነውን ዕቃ ዋጋ ሳይከራከር የሚገዛን ደንበኛ ያገኘነው አትግዙ እያልሽ ነው። እኔ ይህን ነገር እስከዛሬ ለሌላ ነጋዴ ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ግን አለ። ስትቀርጪ ስልኩን ወደ እጄ ስታስጠጊ ትከሻሽ ትከሻዬን ይነካል። «ቀስ ብለህ ፍታው፣ ሰው እንዲገባው» ትይኝ ነበር። እኔ ብሎኗን ቀስ ብዬ የምፈታት ሰው እንዲገባው አልነበረም። ቀረጻው ቶሎ እንዳያልቅብኝ ነበር።

በሰኔ አባትሽ ወድቀው ወደ ሆሳዕና ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ቆይቼ፣ መኪናው ሲነሳ ያልኩሽ «እንደደረስሽ ደውዪ» ነው። ይህን ረዳቱም ሊልሽ ይችል ነበር።

አሁን ቪዲዮው ላይ የምናገረው እኔ ነኝ። አይተሽው ከሆነ ይቅር በይኝ። ሰው ከሥር «ልጅቷ የት ሄደች?» እያለ ይጽፋል፤ «ተጣላችሁ እንዴ?» የሚልም አለ። አንዷማ «ወንድሜ፣ አንተ ስትናገር የሞተ ሰው ያለ ነው የሚመስለው፣ ፓምፕ እኮ ነው» ብላ ጽፋልኛለች። እውነቷን ነው።

ባለፈው አንድ ፓምፕ አስመጪ አትላስ አካባቢ ምሳ ጋበዘኝ። ከጥብሱ በኋላ «የኔን ፓምፕ በቪዲዮህ ላይ ከሁሉ ይሻላል በልልኝ» አለኝ። ያን ፓምፕ ፈትተን አይተነዋል፣ ታውቂዋለሽ። «የሚታመነው ድምጽ የኔ አይደለም፣ የሰው አደራ ነው» ብዬው ተነሳሁ። ወደ ሱቅ ስመለስ ይህን የምነግረው ሰው አጣሁ። በጣም ናፈቅሽኝ።

አቶ መርሃዊ ደግሞ የሁሉንም ሕንጻ የውሃ ሥራ ለዓመት ለእኛ ሰጡን። ሲፈርሙ ብዕሩን አንስተው «ያቺ ልጅ ግን አለች አይደል? ኮሚቴው ያመነው እኮ እሷን ነው» አሉኝ። «ቤተሰብ ጋ ናት፣ ትመጣለች» አልኳቸው። ትመጣለች ማለቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። እሁድ ከቸርች ስመለስ ቪዲዮው ሥር አንድ ጥያቄ አገኘሁ። ስምም ፎቶም የለውም። «ከሆሳዕና ነው። ፓምፑ ይጮሃል፣ ውሃ ግን የለም። ምን ላድርግ?» ይላል። እንደምታደርጊው አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁ። ማምሻውን መልስ መጣ፦ «ሁሉንም ሞክሬአለሁ። አልሆነም።» አድራሻ ብጠይቅ ዝም።

ሆሳዕና ትልቅ ከተማ ነው፤ ፓምፕ ያለው ሰው ሞልቷል። ግን ውሃ ቸግሮት አድራሻውን የሚደብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የአባትሽ ቤት ደግሞ ፓምፕ እንደሌለው፣ ከግቢው ቧንቧ በጄሪካን እንደምትቀዱ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

የጻፍሽው አንቺ ከሆንሽ፣ አልሆነም ያልሽው ስለ ፓምፕ አይደለም፤ ደንቡንም ያወጣሽው ራስሽ ነሽ። ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ጋ እንሄዳለን። አንቺ ካልሆንሽም፣ እኔም ሞክሬአለሁ። ሥራ በማብዛት ሞከርኩ። የድሮ ቪዲዮዎቻችንን ባለማየት ሞከርኩ። በርጩማዋን ጓዳ አስገብቻት ነበር፣ በማግስቱ መልሼ አወጣኋት። አልሆነም ናኦሚ። እወድሻለሁ።

አባትሽን ትተሽ ተመለሺ አልልሽም። ሆሳዕናም ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ድምጽሽ እዚያ፣ እጄ እዚህ ሆኖ መሥራት ይቻል እንደሆነ፣ ወይም እጄም እዚያው ይምጣ እንደሆነ ቁጭ ብለን እናወራለን። ይህን ደብዳቤ ነገ በሚኒባስ ሹፌር እጅ እልክልሻለሁ። እኔ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። መፍቻዬንም እይዛለሁ። የሚሠራ ፓምፕ ባይኖርም ግድ የለም፤ አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺልኝ።

እጁ ብቻ የሚታየው፣
ዱባለ