ስለ ተሰረዙልኝ አሥራ አራት «ባዶ» መልእክቶች

ለተከበሩ የስልክ አገልግሎት ድርጅት የድምፅ መልእክት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ፣ በተለይም ቢሮዎ ያለበትን የአራተኛ ፎቅ ደረጃ ሳያርፉና ግድግዳ ሳይደገፉ እንደሚወጡት ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። እኔ የምተዳደረው ደረጃ መውጣት ቀርቶ ከአልጋ እስከ መስኮት መሄድ ላቃታቸው ሰዎች የኦክስጅን ሲሊንደር በማድረስ ስለሆነ የሰው ትንፋሽ ነገር ከሌላው ይልቅ ያሳስበኛል።

ሱቃችን አንዲት ክፍል ናት። ሠራተኞቿም እኔና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነን፤ እሱ መኪናውን ይነዳል፣ እኔ ሲሊንደሩን ቤት አስገብቼ እገጥማለሁ። ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለምንውል፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሱቁን የጠበቀልን የእርስዎ ክፍል የድምፅ መልእክት ሳጥን ነው። ደንበኛ ደውሎ መልእክቱን ሲተው ሳጥኑ ወዲያው በኪስ ስልኬ ያሳውቀኛል፤ እጄ ሥራ ይዞ ስልኬን ባላነሣው እንኳ መልእክቱ የትም ሳይሄድ ይጠብቀኝ ነበር።

እርስዎ ሊያውቁት የማይገደዱትን አንድ አሠራራችንንም ላስረዳ። ሳንባው የደከመ ሰው ኦክስጅኑ ሲያልቅበት መናገር አይችልም። ስለዚህ አሥራ አንዱ ቋሚ ደንበኞቻችን ሲደውሉ አይናገሩም፤ የስልኩን እጀታ ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜ ከሆነ ነገ አምጡልኝ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ የመጨረሻውን ሲሊንደር ከፍቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን የሲሊንደሩ መለኪያ ቀስት ቀዩ ላይ ደርሷል፣ የያዛችሁትን ጥላችሁ ኑ ማለት ነው። ዘዴውን ያመጡልን ከደንበኞቻችን አንዱ፣ ልብስ ሰፊው አባባ ሲሆኑ፣ እሳቸው የሚያንኳኩት ሲሰፉ ጣታቸው ላይ በሚያጠልቋት ብረት ነው። ጡረተኛዋ የሒሳብ አስተማሪ በእርሳስ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እናት ደግሞ በቀለበታቸው ያንኳኳሉ፤ የደወለውን ቁጥር ሳላይ ማን እንደሆነ በድምፁ እለየዋለሁ። እንግዳ ነገር ሊመስልዎ ይችላል፣ ነገር ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጉድ አልሠራንም።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልሂድ፤ ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች በቁጥር አድርጌአቸዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ላኩልን ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። የድርጅቶች የድምፅ መልእክት ሳጥኖች ማክሰኞ ዕለት ወደ አዲስና ዘመናዊ ሰርቨር እንደሚዛወሩ፣ ከእኛም ምንም ነገር እንደማይጠበቅ በሚያምር ወረቀት ገልጸውልን ነበር። ቃልዎን አክብሬ ምንም አላደረግሁም። በማግሥቱ ረቡዕ ስልኬ አንድም ጊዜ ሳይጮኽ ረፈደ። ሞኝነቴን ይዩልኝና፣ ዛሬስ ሁሉም ደህና ናቸው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ወንድሜንም እስቲ እንደ ሰው ቁጭ ብለን ምሳ እንብላ አልኩት። ከብዙ ወር በኋላ ተረጋግተን የበላናት ምሳ እሷ ነበረች።

፪. እኛ ምሳችንን ስንበላ፣ ልብስ ሰፊው አባባ ሦስት ጊዜ ደውለው በየጊዜው ሦስት ሦስት ጊዜ አንኳኩተዋል። ሴት ልጃቸው ራስ ምታት ይዟት ከሥራ ቀደም ብላ ስትመለስ፣ ከናፍራቸው ጠቁሮ፣ የስልኩ እጀታ በእጃቸው እንዳለ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። በሕይወት አሉ። እስካሁን ግን ሆስፒታል ናቸው። ልጃቸው ማታ ደውላ ነግራኝ ሐሙስ ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ አፋቸው ላይ ጭንብል ስላለ ወረቀት ጠይቀው አንድ ነገር ጻፉልኝ፦ ሦስቴ ደወልኩ፣ ምነው፣ ተቀየማችሁኝ እንዴ? ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ቢሮ ለመሰል ጥያቄ መልስ የተዘጋጀ ቅጽ ካለ እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፫. ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሆኜ ወደ ድርጅትዎ ደወልኩ። ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ስለ ጋበዙኝ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ያነጋገረኝ ወጣት ሠራተኛዎ በእውነቱ ጨዋ ነው፤ እህቴ እያለ፣ አዲሱ ሰርቨር የሰው ንግግር የሌለባቸውን መልእክቶች ራሱ ለይቶ እንደሚሰርዝ፣ ይህም የተደረገው የእኔ ውድ ጊዜ እንዳይባክን መሆኑን አስረዳኝ። ከማክሰኞ ወዲህም አሥራ አራት ባዶ መልእክቶች ተሰርዘውልዎታል ብሎ የምሥራች በሚመስል ድምፅ ነገረኝ። ሦስቱ የአባባ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ አሥራ አንዱ የማን ናቸው ብዬ ስጠይቀው፣ ባዶ መልእክት እኮ ቁጥሩ አይመዘገብም እህቴ አለኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ እኔና ወንድሜ በየደንበኞቻችን በር እየሮጥን፣ ሳንባው የደከመ ሰው በር ለመክፈት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት እያወቅን፣ ከእያንዳንዱ በር ፊት ቆመን የእግር ኮቴ ለመስማት ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። አምስተኛው ቤት የአስተማሪዋ ነበር። በር የሚከፍት ስናጣ ወንድሜ በመስኮት ገባ። አስተማሪዋ ቢጨንቃቸው የኦክስጅኑን መጠን በግማሽ ቀንሰው፣ የቀረው ስንት ሰዓት እንደሚያቆያቸው አስልተው በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጽፈውታል። በስሌታቸው መሠረት ሃያ ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ሙዚቃዎን አንድ ዙር ስላልደገሙልኝ ልዩ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬. መፍትሔ ስለ መኖሩም አመሰግናለሁ። መልሼ ስደውል ያገኘሁት የእርስዎው ቴክኒሽያን እንደ ነገረኝ፣ ባዶ የሚላቸውን መልእክቶች የሚሰርዘውን ማጣሪያ ከአንድ ሳጥን ላይ ማንሳት የአንዲት ቁልፍ ሥራ ነው፤ ቁልፏን ለመንካት ግን ማመልከቻው በኮሚቴ ታይቶ ሃያ አንድ የሥራ ቀን ይፈጃል። እስከዚያው ደንበኞችዎ ይናገሩ የሚል ምክር ተሰጥቶኝ፣ ምክሩን ለዳቦ ቤቱ ባለቤት እናት አደረስኩ። ምስኪን፣ ለመሞከር ፈቃደኛ ሆኑ። አለቀ ለማለት ብለው ጀምረው «አ» ላይ ሳል ያዛቸው፤ ልጃቸው ሊጡን ጥሎ መጥቶ እኔን እንዴት እንዳየኝ ባልነግርዎ ይሻላል።

፭. በመጨረሻም ስለ ጥንቃቄዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። ያው ቴክኒሽያን እንዳጫወተኝ፣ የኃላፊዎች የጠረጴዛ ስልኮች አዲሱ ሰርቨር አስተማማኝ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ባሉበት እንዲቆዩ ተወስኗል። ውሳኔው አስተዋይነት የተሞላበት ነው። የሚረጋገጠው በማን ላይ እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የምጠይቀው ካሣ የለም፤ የይቅርታ ደብዳቤም አልፈልግም። አንዲት ቁልፍ ትነካልኝ ነው የምለው። ከሐሙስ ጀምሮ እያንዳንዱን ቤት በቀን ሦስት ጊዜ እየዞርን እያየን ነው፤ ወንድሜ ትናንት መሪ እንደ ጨበጠ እንቅልፍ ወስዶት ከመንገድ ልንወጣ ነበር። ሃያ አንድ የሥራ ቀን እንደዚህ አንዘልቅም። እኛ ባንዘልቅ ግድ የለም፣ ምትክ ይገኝልን ይሆናል፤ እነሱ ግን የሚተካቸው የለም።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ታላቅ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኮሚቴዎም በጤና ተሰብስቦ በጤና እንዲበተን እየተመኘሁ፣ ምንጊዜም ከአክብሮት ጋር

የድርጅትዎ የዘጠኝ ዓመት ታማኝ ደንበኛ፣
የኦክስጅን አከፋፋይዋ

ማስታወሻ፦ በማስታወቂያዎ ግርጌ ቀጥታ የጠረጴዛ ስልክ ቁጥርዎን አትመውልን ስለ ነበር፣ ስልክዎም ገና ወደ አዲሱ ሰርቨር ስላልተዛወረ፣ ቁጥሩን ለደንበኞቼ ሁሉ ሰጥቻለሁ። ወንድሜ በየቤቱ እየዞረ ስልካቸው ላይ መዝግቦላቸዋል፤ እርስዎ መናገር ስለሚችሉ፣ መልእክታቸውን የሚያደርሱበት የእኔ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ስልክዎን አንሥተው የሚናገር ሰው ካጡ፣ ባዶ ነው ብለው አይዝጉት። ይቁጠሩ።