እታለምን አስመስዬ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ 8 ሰዓት

ኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት በላ። እስኪበርድለት ስልኬን ከፍቼ የጀመርኩትን ኮሜዲ ጨረስኩ። ስሚኝ ደብተሬ፣ ይሄ የዘንድሮ ኮሜዲ የሚባል ነገር ያሳብደኛል። የሀብታም ልጅ ድሃ መስሎ ይገባል፣ ዘበኛው ይወድቃል፣ ሠራተኛዋ ከገጠር መጥታ ሊፍት ትፈራለች። ተዋናዩ ሳያስቀኝ ሲቀር ከጀርባ "ቧ" የሚል ድምፅ ይለቁብኛል፣ አሁን ሳቂ ለማለት። ሁለቴ ብቻ ከልቤ ሳቅሁ። አማት ሆና የምትሠራው ሴትዮ ምንም ሳትናገር ሻንጣዋን ስትዘጋ አንዱ። ዝምታዋ ነው የሚያስቀው። ይሄን ማን ይንገራቸው።

እኔ ነኛ። ፊልም ባየሁ ቁጥር በስልክ ለፊልም ወዳጆች ግሩፓችን በድምፅ አስተያየት እልካለሁ። የማራኪ ጊቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "ሐያሲዋ" ይሉኛል። ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጡና ድምፄን ሲሰሙ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ። ደስ ይለኛል፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለፈኝ ትምህርት በዚህ የተካካሰ ይመስለኛል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

እታለም ከመጣች አራት ቀኗ። የባለቤቴ የማስረሻ ታላቅ እኅት። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶባት ከዳባት ገጠር አመጣናት። ቀኙ ነገ ይሠራል፣ ግራው በ21።

ማክሰኞ ሆስፒታል ሲመረምሯት ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ጣት ምልክት እያሳዩ ወዴት እንደዞረ በእጅሽ አሳዪ አሏት። "ምነው ልጄ፣ መንሹስ ይታየኛል፣ ዛቢያውን የት አደረጋችሁት?" አለች፣ የአውድማ መንሽ መስሏት እጀታውን ስትፈልግ። ዶ/ሩ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። ቤት መጥታ ራሷ ለማስረሻ ደገመችለት፣ ሦስታችንም ሳቅንበት።

የዛሬው ግን ይብሳል። ከጓዳ ስወጣ ሳሎን መሀል ቆማለች። የማስረሻ ካፖርት በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ባርኔጣው ከላዩ። እጅ ነሳችና "እንዴት አደሩ አያ" አለችው። መልስ ስታጣ፣ ምነው አያ፣ ሰላምታ አይመልሱም እንዴ ብላ ወቀሰችው። እኔ መጋረጃው ጀርባ አፌን በነጠላ ይዤ። ጠጋ ብላ እጅጌውን ዳሰሰች። ዞር ዞር አለች። ማንም እንዳላያት አምና ሄዳ ተቀመጠች።

እስካሁን በሳቅ ሆዴን ያመኛል። እንዲህ ያለ ነገር የትኛው ጸሐፊ ይጽፋል?

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ 12 ሰዓት

ቀኙ ዓይን ሸጋ ሆኗል፣ በራሷ ቃል። ትናንት ፋሻውን እንደፈቱላት መጀመሪያ እኔን አየችኝና፣ አንቺ ለካ አርጅተሻል፣ እኔ እኮ ስስም የኖርኩት ሙሽራዋን ነው አለች። ነርሷ እንኳ ሳቀች።

ከሰዓት ሲኒማ ቤት ገባሁ። አዲስ ኮሜዲ። ከኛ አገር የመጣች ባላገር ሴት አለችበት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፣ እኔ ተናደድኩ። ልጅቷ ሸጋን እንደ ጨው በየቃሉ ላይ ነሰነሰችው። ሸጋ ልብስ፣ ሸጋ መንገድ፣ ሸጋ ፖሊስ። የኛ ሰው እንዲህ አይናገርም። የኛ ሰው ሲያስቅ ሊያስቅ ብሎ አይደለም።

ወጥቼ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ድምፅ ቀዳሁ። ባላገር ሴት ማለት እንዲህ ናት፣ ከእውነተኛዋ ተማሩ አልኩና እታለምን ሆንኩ። ድምፅዋ ልክ እንደ ቀሚስ ገጠመኝ። መንሹን ተናገርኩ። ከዚያ፣ ሞቅ ሲለኝ፣ ካፖርቱን። "እንዴት አደሩ አያ"ን ሦስት ጊዜ አልኩት፣ ሦስተኛው ላይ እጅጌ መዳሰሱን ጨምሬ። ስሟን አልጠራሁም። የባሌ እኅት ናትም አላልኩም። ለግሩፑ ላክሁት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ስልኬ በሳቅ ተሞላ። ወደ ሌላም ግሩፕ እየላኩት ነው አሉ። ሁለት ተማሪዎች ኮፒ ሲጠብቁ እንዴት አደሩ አያ ይባባላሉ። እኔ መሆኔን ሲያውቁ ቆመው አጨበጨቡልኝ። አጫጭር አስቂኝ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ አብረን እንሥራ ብሎ ጻፈልኝ። ክፉ አይደለም ደብተሬ። ከነሱ ፊልም በለጥን እኮ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ብርቱካን መጣች፣ የእታለም ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ። የቤት ጓደኛዋን አስከትላ ሙዝ ይዘው። ጨዋታ ደራ። ጓደኛዋ እማማን ላስቃቸው ብላ ስልኳን አወጣች። ማን እንደሆነች የማትታወቅ ሴትዮ ጊቢውን ሁሉ አስቃለች አለች። ልከለክላት ስነሳ ከፈተችው።

የኔ ድምፅ። የእታለም ድምፅ።

መንሹ ጋ እታለም ራሷ ሳቀች። ጉልበቷን መታ አድርጋ፣ ይቺ የኔ አይደለችም ወይ አለች። ብርቱካን እኔን አየችኝ። ከዚያ ካፖርቱ መጣ። ጓደኛዋ ነገሩ ገብቷት ታጠፋው ዘንድ ስልኳን ብትነካካ እጇ ስቶ ድምፁን ጨመረችው።

ሲያልቅ እታለም ተነሳች። በሩ ጋ ሄዳ የካፖርቱን እጅጌ ያዘች። ያው እንደዚያን ዕለት፣ አሁን ግን እያየች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና በአዲሱ ዓይኗ አየችኝ። ብዙ አየችኝ።

የት ልግባ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ሄደች። በመጀመሪያው መኪና።

ሃያ ሁለት ዓመት አንቺ ስትለኝ የኖረች ሴት ዛሬ፣ "አንቱ፣ ካርዴን ይስጡኝ" አለችኝ። አንቱ። ቢሰድቡኝ ይሻላል። የሆስፒታል ካርዷን ሰጠኋት። አይታው መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ሌላኛውን ዓይን አላሠራም አለች። በአንዱም ያየሁት በቃኝ።

ማስረሻ ሸኝቷት ተመለሰ። አልተቆጣኝም። ካፖርቱን ከበሩ አውርዶ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ጥቅምት ነው፣ ውጭ ይበርዳል። ሳይለብስ ወጣ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ድምፁን አጠፋሁት። ከግሩፑ ጠፋ፣ ከሰው ስልክ ግን አልጠፋም። ቪዲዮ ሠሪው ዛሬም ጻፈ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሌላ ስለማልነግረው፦ መልእክቱን ሳየው ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ራሴን ተጸየፍኩ።

ማታ ሌላ ድምፅ ላክሁ። ያቺ ሴት የባሌ እኅት ናት፣ እናት ሆና ያሳደገችው፣ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ነበር፣ እኔ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ስስቅ ነበር አልኩ። አንዱ በሳቅ የሚያለቅስ ፊት ላከልኝ። እሱም ቀልድ መስሎት።

ማስረሻ ሽማግሌ እንላክ ወይ አለ። የሰደብኳት ለብቻዬ ነው፣ ለብቻዬ እሄዳለሁ አልኩ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ ማምሻውን

ዳባት ደርሼ መጣሁ። ከመኪና ወርጄ አንድ ሰዓት በእግር። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ይግቡ አለችኝ። አልገባሁም፣ መሬት ተቀምጬ አብሬ ፈለፈልኩ።

ይቅርታዬን በመንገድ አጥንቼው ነበር። ሳልጨርሰው አስቆመችኝ። ለአገሩ ሁሉ ነግረሻል፣ ለኔ አልነገርሽኝም፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ምን መስዬ ነበር አለች። አንቱ ማለቱን ረስታው ይሁን ትታው አላውቅም። እምቢ አልኩ። ጠበቀች። ነገርኳት። ምን እንዳለች፣ እንዴት እጅ እንደነሳች፣ ስትዳስስ፣ ዞራ ስትፈልግ። በራሴ ድምፅ ነገርኳት፣ የሷን ላመጣ ብልም አይመጣልኝም ነበር። ምንም አያስቅም ደብተሬ። አንዲት ሴት ሰው ነው ብላ ልብስ ስታናግር፣ ይኸው ነው።

አዳምጣኝ ስታበቃ፣ "ምነው ያን ጊዜ ብቅ ብለሽ፣ እታለም ካፖርት ነው፣ ብትይኝ?" አለች።

ብዙ መልስ ነበረኝ። እንዳታፍሪ ብዬ ነው ልላት ነበር። ውሸት ነው። እየሳቅሁ ነበር፣ እስከ የት እንደሚሄድ ማየት ፈልጌ ነበር አልኳት።

የፈለፈለችውን ባቄላ በሰፌድ አንገዋለለችው። መኪናው እንዳያመልጥሽ አለችኝ። ዓይኗን ታሠራው እንደሆነ ጠየቅኋት። ሰፌዱን ይዛ ገባች።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ሆ/ል ሄድኩ። ነገ ያልመጣ ታካሚ ተራው ያልፋል፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም አሉኝ። ግራው ደግሞ ከቀኙ የባሰ ነው። ብርቱካን ደውላላታለች። እናትየው፣ እንግዲህ አያለሁ ብቻ አለች። ብርቱካን ነገ ፈተና አላት፣ ማስረሻ መተማ መንገድ ላይ ነው፣ መኪናውን እየነዳ። አስታማሚ እኔ ብቻ ነኝ። የማትፈልገኝ እኔ።

ከግሩፑ ወጣሁ። ፊልም ማየቱን አልተውም፣ ያን ብዋሽሽ ታውቂብኛለሽ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ 2 ሰዓት ተኩል፣ ሆ/ል በር

ካርዱ በእጄ። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ነኝ። ሁለት የዳባት ሚኒባስ ገባ፣ የለችበትም። በረንዳው ላይ ስም እየተጠራ ነው። የሷ ስም አንዴ ተጠራ፣ እየመጣች ነው አልኳቸው፣ ሳላውቅ። ነርሷ እስከ ሦስት ሰዓት አለችኝ።

ባትመጣ ራሴ ሄጄ ሌላ ቀጠሮ አስይዛለሁ፣ ደግሞም ሌላ። ብትመጣና ሂጂልኝ ብትለኝ አልሄድም፣ ከበሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ይሄን ወስኛለሁ።

ሦስተኛው ሚኒባስ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተ። ነጭ ነጠላ፣ አረንጓዴ ቀሚስ፣ የሷ ነው። በአንድ ዓይን ጥልቀቱ አልያዝ ብሏት እግሯ በአየር ላይ መሬቱን ይፈልጋል። ረዳቱ ገንዘብ ይሰበስባል፣ አላያትም። ማንም አላያትም። መሬቱ ገና ሩቅ ነው፣ ደረጃ አለ ብላት ድምፄን ትሰማለች፣ ልትመልሰኝም ትችላለች፣ እኔ ግን ዛሬ ቆሜ አላይም፣ ሄድኩ።