የአባትህ አውራ ጣት

ልጄ ዘካሪያስ፣ የኪየቭን ብርድ አምላክ ያቅልልህ፤ ትምህርቱንም ይግለጥልህ። እኛ ደህና ነን። አባትህም አሁን ድኗል፤ እንዳትሰጋ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ።

ለመስቀል ሥጋ ሲበላ፣ ጠላ ሲጠጣ ሰንብቶ የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ቀላ። ነጠላ እንኳ ሲነካው ይጮህ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ «ጎሜ ነው፤ የአባቶችን ሕግ የጣሰ ሰው የሚደርስበት መቅሠፍት ነውና ተናዘዝ» አሉት። እሱም የወንድሙን የዳልጮን ወሰን መግፋቱን አመነና መሬቱን መለሰ። የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ስንቴ ጠይቆት የካደውን!

ጣቱ ግን አልተሻለውም። እግሩን ሊቆርጡት ነው ብዬ እየፈራሁ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ፣ «ሪህ ነው፤ ሥጋና ጠላ ያባብሰዋል» ብሎ ክኒን ሰጠው። ይኸው ዛሬ ጫማውን አድርጎ ገበያ ወጣ።

አጎትህ ዳልጮ ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ሲሰማ፣ «ባውቅ ኖሮ ድሮ በሬ አርጄ አበላው ነበር» አለ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አንተም እዚያ ሥጋ አታብዛ። እግዚአብሔር በጤና ያገናኘን። ስትጽፍ አጎትህንም በስሙ ሰላም በልልኝ፤ ደብዳቤህ ሲነበብ ከእንግዲህ እሱም አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል።

እናትህ ጌጤ