ደረጃ የሌለው ቤት

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እኅቴ፣ ለእትዬ ቺዙሩ፤

እንዴት ከርመሻል? ክንድሽ በኩሺሮ ብርድ አሁንም ይጠዘጥዝሻል ወይስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ኬንጎስ፣ ትንሿ ኡታስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እማም ደህና ናት እንዳልልሽ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ባለፈው በስልክ "ለሙታን በዓል ወደ ቤት ልምጣ? አባባ ተለውጧል?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ወሬ ቀየርኩብሽ። መልሱን አሁን ልጻፍልሽ።

የታናሽ ወንድማችን የሹንጎ ባንድ፣ "ዝገት"፣ አዲስ ዘፈን አውጥቷል። ሌሎቹ ዘፈኖቻቸው ጩኸት ናቸው፣ ጆሮ ይበሳሉ፤ ይኼኛው ግን ቀስ ብሎ ይጀምርና አንጀት ይበላል። ስለ አንቺ ነው፣ እትዬ። አባባ ክንድሽን የሰበረ ዕለት፣ ሐኪሙ ፊት "ከደረጃ ወደቀች" እንድንል እንዴት እንዳስጠናን አትረሺውም። የዘፈኑ አዝማች "ቤታችን ደረጃ የለውም" ነው የሚለው። ሹንጎ ይህችኑ ደጋግሞ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኻታል።

ዘፈኑ በሬዲዮ ተለቀቀና ወደቡን አዳረሰው። ያይዙ ውስጥ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቂያለሽ። ዓሣ ጨረታው ላይ አንዱ "ካፒቴን፣ ቤትህን ፎቅ አደረግኸው አሉ፤ መቼ ነው የምታስመርቀው?" ቢለው፣ አባባ በበረዶ መፍለጫው እጀታ ጥርሱን አራገፈለት። ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ በጎማ ቦት ጫማው፣ እነሹንጎ ወደሚጫወቱበት የሺዙኦካ ከተማ አዳራሽ ሄደ። እኔና እማ ሹንጎ በሰጠን ትኬት ቀድመን ገብተን ከኋላ ቆመናል። እማ ዘፈኑን ሰምታው አታውቅም ነበር።

የዚያን አዳራሽ ሥርዓት አንቺ አይተሽው አታውቂም። ወጣቶቹ ከመድረኩ ሥር ይጋፋሉ፣ ይላተማሉ፣ አፍንጫ ይደማል፤ ሰው ሲወድቅ ግን ሁሉም ቆሞ ያነሣዋል። መድረክ ላይ የወጣ ደግሞ ወደ ሕዝቡ ይዘላል፤ እነሱም ከመሬት ሳያስነኩ በእጃቸው እየተቀባበሉ ከጭንቅላታቸው በላይ እስከ በሩ ያደርሱታል።

አባባ ልክ አዝማቹ ላይ ደረሰ። ሰዉን በክርኑ እየደቆሰ መድረኩ ላይ ወጣና የሹንጎን ፀጉር ጨምድዶ በማይክሮፎኑ አፉን መታው፤ ከንፈሩ ተተረተረ፣ ደሙ በሸሚዙ ላይ ወረደ። ጊታር መቺው ሊገላግል ቢጠጋ ሆዱን ረገጠው። ሕዝቡ ግን ድብድቡ የትርዒቱ ክፍል መስሎት አባባን የባንዱ ወዳጅ ሽማግሌ አድርጎ ነው ያየው። "አባባ፣ ይዝለሉ እንጂ፣ እኛ አለን" ይሉታል። ሹንጎ በሁለት እጁ ገፈተረው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወድቆ ይፈንከት ብዬ ተመኘሁ። እነሱ ግን ተቀበሉት። ያ ከባድ ሰውዬ እየተራገመ፣ ያገኘውን ፊት በቡጢ እየነረተ፣ በማያውቃቸው ልጆች እጅ ተይዞ በራሳችን ላይ አለፈ። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች አንዲት ልጅ፣ ቡጢው ቅንድቧን ሰንጥቆት ሳለ፣ የወለቀ ጫማውን አንሥታ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠችው። "በርቱ፣ አባቴ፣ ጥሩ ዝላይ ነበር" አለችው። ሹንጎ ደሙን እየዋጠ ዘፈኑን ጨረሰው፤ እማ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አባባ ሩዙን እየጎረሰ "ያ ውሻ ይዋሻል፤ ልጅቷ ከደረጃ ነው የወደቀችው" አለ። ፊቱን አየሁት፣ እያስመሰለ አልነበረም። እኛን ያስጠናንን እሱ አምኖታል፣ እትዬ። ያን ጊዜ ነው የጠላሁት። እማ ሾርባ እየቀዳች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ "ቤታችን ደረጃ የለውም" አለችው። ጠረጴዛውን ገለበጠው። ትኩሱ ሾርባ እጇን ላጠው፤ በዚያ ላይ በጥፊ መታት፣ ወደ እኔም ዞረ። እኔም የድስቱን ክዳን ግንባሩ ላይ አሳረፍኩት፤ አላፍርበትም። ደሙን በፎጣ ይዞ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላም መርከቡን ይዞ ባሕር ገባ። ለበዓሉ ዋዜማ ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ አትምጪ፣ እኛ ነን የምንመጣው። ሹንጎ ነገ ባቡር ላይ ያሳፍረናል። እማ ዛሬ ልብሷን ሸክፋ ስትጨርስ የአያቶቻችን ስም የተጻፈባቸውን የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ከቤቱ መሠዊያ አንድ በአንድ አውርዳ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። "ሙታኑም በዓሉን እዚህ ቤት አያከብሩም፤ ይዘናቸው እንሄዳለን" አለች።

ኬንጎን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። አማትሽን ለማስቸገራችን ይቅርታ ጠይቂልን። ኡታን ሳሚልኝና አያቷ አጠገቧ እንደምትተኛ ንገሪያት።

ታናሽሽ ሚናሞ
ያይዙ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.