ምስር የምታክል አበባ

ይድረስ ለምወድዎት እማማ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ሻል ብሎት፣ ያ ደረቅ ሳል ለቆዎት፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያግኝዎት። አብራዎት ያለችው ሴት ልጅዎ እንደምን ናት? ልጆቿስ? ትንሹ አሁንም የግራ ጫማውን በቀኝ እያደረገ ይሮጣል? እኔ ደህና ነኝ። የማተሚያ ቤቱ ሥራም እንደነበረ ነው፤ መጽሐፍ ስጠርዝ ውዬ ጣቶቼ በሙጫ እንደተጣበቁ እመለሳለሁ።

በስልክ ልነግርዎት ብዬ ነበር። ግን በደወልኩ ቁጥር ሴት ልጅዎ ታነሳና «ተኝታለች» ትለኛለች። እማማ፣ ሰው ይህን ያህል አይተኛም። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። እሷ የነገረችዎትን ከእኔም ይስሙት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአበቦቹ ነው። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ በሕይወት ሳለ መስኮቱ ሥር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሳድጋቸው የነበሩትን ጥቃቅን ኦርኪዶች ያስታውሷቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን ይውልና ቤት ሲገባ ያችኑ የሰዓት ማጉሊያ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ እነሱ ላይ ያፈጥ ነበር። እርስዎ መጀመሪያ ያዩዋቸው ዕለት «ይሄ አበባ ነው ወይስ የቁንጫ ባርኔጣ?» ብለው፣ እሱ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አፈር አይፈልጉም። በቡሽ ቅርፊት ላይ በቀጭን ክር ታስረው፣ ሥራቸውን አየር ላይ ዘርግተው ይኖራሉ። ትልቁ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

ልጅዎ ያን ዕለት የሥራ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብሎ ከቀረ በኋላ፣ እነሱን ማኖር እሱን ማኖር መሰለኝ። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። ሌላ የማደርገው ነገር አጥቼ አጠጣኋቸው እንጂ መጠማታቸውን አይቼ አልነበረም። ሥራቸው እየጠቆረ፣ ቅጠላቸው እየላሸቀ አንድ በአንድ አለቁ። የተረፉት ጥቂቶችም እንደ በሽተኛ ሲያፈጡብኝ አንጀቴ አልችል አለ። አንድ ቅዳሜ ሣጥኑን ታቅፌ ወደ ቆሻሻ መጣያው ልወርድ ተነሳሁ።

ደረጃው ላይ ከእኛ በላይ የሚኖረውን ሰውዬ አገኘሁት። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣውም። ምድር ቤት ያለችው፣ እኛ ራዲዮ የምንላት ሴትዮ «ዝምታው» የሚል ስም አውጥታለታለች። እሷ እንኳ ወሬ አላገኘችበትም፤ ከዚህ በላይ ለሰው ምን ምስክር ይመጣለታል?

«ከብዶሻል፣ ላግዝሽ» ብሎ ሣጥኑን ተቀበለኝና ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ። ምንድን ናቸው ሲለኝ የባለቤቴ አበቦች ነበሩ አልኩት። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማራገቢያ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። «ይቺ እኮ አትዞርም። እዚህ ውስጥ ሰው ቢሆንም ይታፈናል» አለ። እኔ ውሃውን ብቻ ሳስብ አየሩን ማን ልብ ብሎት! «ልሞክራት?» አለኝ። ቆሻሻ መጣያው ጋ ሳንደርስ ተመለስን።

አበባ አዋቂ እንዳይመስልዎ። የሚያውቀው ቅዝቃዜ ነው። ልጅዎ «እነዚህ ጭጋግ የማይጠፋበት ተራራ ልጆች ናቸው፤ ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ካላለላቸው አያብቡም» ይል ነበር። ይህን ስነግረው ዓይኑ በርቶ፣ በረዶ በሳህን አምጥቶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። በማግስቱ ከበረዶው አጠገብ የነበረችው ተክል የተቀቀለ ጎመን መስላ አገኘናት። ፊቱ እንደዚያ ሲቀላ አይቼ ሳቄ አመለጠኝ። እማማ፣ ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቅሁ አላስታውስም።

ከዚያ ቀስ እያልን ተማርን። ሣጥኑን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አራቅነው። ሲመሽ መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ጀመርኩ። የቧንቧው ውሃ ቅጠላቸው ላይ ነጭ ዱቄት ስለሚተው፣ እሱ ጣራ ላይ ባልዲ አስቀምጦ የዝናብ ውሃ ያጠራቅምልኝ ነበር። ራዲዮ «ጎረቤቶቻችን ሰማይ ማለብ ጀምረዋል» ብላ ግቢውን በሳቅ ገደለችው። እኔም ሳላጠጣ በፊት ሥራቸውን ማየት ለመድኩ። ብር ከመሰለ ጠምቶታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ተዪኝ ማለቱ ነው።

ልጅዎ «ኩሩዋ» የሚላት አንዲት ነበረች። ስንት ዓመት ተለማምጧት አላበበችለትም። እሱ ሊያልፍ አቅራቢያ ፀጉር የመሰለች ዘንግ አውጥታ፣ እምቡጧ ሳይፈታ ረግፎ ነበር። ዘንጓ ባዶዋን ቀርታ ስታስቀይመኝ በመቀስ ልቆርጣት ስል ሰውዬው እጄን ያዘኝ። «አረንጓዴ ናት እኮ፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለ። ተውኳት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከዚያችው ከአሮጌዋ ዘንግ ጫፍ ላይ የመርፌ ዓይን የምታክል እምቡጥ ብቅ አለች። እንዳትረግፍብን ብለን ያልሆነው የለም። እሱ እንኳ በላይ የቤቱን በር ቀስ አድርጎ መዝጋት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ለሥራ ስወጣ ዘወር ብዬ ባይ ተከፍታለች። ምስር ብታክል ነው። በማጉሊያው ሳያት ግን ወይን ጠጅ ከንፈር አላት፤ ጠርዟ ላይ ቅንድብ የመሰለ ጠጉር ተሰልፎ፣ በትንሿ ነፋስ ይርገበገባል። ጮህኩ መሰለኝ። ሰውዬው አንድ እግሩን በጫማ፣ ሌላውን በካልሲ አድርጎ ከላይ እየሮጠ ወረደ። ማጉሊያውን ሰጥቼ ወንበሩን ሳብኩለት። ተቀምጦ ብዙ አየ። «ባለቤትሽ ይህችን አይቶ ቢሆን» አለ። «ምን ዓይነት ታጋሽ ሰው ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለልጅዎ ነው፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም።

በዚያች ቅጽበት ነው ሴት ልጅዎ በሩን ከፍታ የገባችው። ለጉዳይ መጥታ ሳትነግረኝ ልታስደስተኝ አስባ ኖሯል። ያየችውን ያስቡት፤ በወንድሟ ወንበር ላይ፣ የወንድሟን ማጉሊያ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ በአንድ ጫማ የተቀመጠ ወንድ። እኔ ደግሞ እንባዬን ስጠርግ። «ይቺ የወንድሜ ወንበር አይደለችም?» አለችና ያመጣችልኝን ዘንቢል ደጃፍ ላይ ትታ ወረደች። ተከትያት ሮጥኩ። አልዞረችም። አልፈርድባትም እማማ፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልዞርም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው አይቀመጥም። ውሃውን ያመጣል፣ ቆሞ አበባዋን ያያል፣ ይሄዳል። ሌላ ወንበር ባመጣለትም እምቢ አለ። «የባለቤትሽ እናት ሳያውቁ አይሆንም» ይለኛል። እኔ ደግሞ፣ እማማ፣ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ከዚህ በላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል፤ እርስዎም ገና በልጅነትዎ ባል ቀብረዋል። ልጅዎን አልረሳሁም። የምረሳው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

አበባዋ ሳትረግፍ ይምጡና ይዩልኝ። ከመናኸሪያ የሚቀበልዎት ሰው አለ፤ ረጅም ነው፣ ብዙ አያወራም፣ አይከፋዎት። አልመጣም ካሉም ምርቃትዎን አይንፈጉኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ።

ምራትዎ

*

እማማዬ፣

እንኳን በሰላም ቤትዎ ገቡ። ሳልዎ በመንገዱ አቧራ አልባሰም? እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ራዲዮ ባገኘችኝ ቁጥር «እናትሽ መቼ ነው የሚመለሱት?» ትለኛለች። አማቴ ናቸው ብዬ ላርማት አሰብኩና ተውኩት።

አሁን ልንገርዎት፤ ገብተው በቀጥታ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። ማጉሊያውን አነሱ። «ልጄ ይህችን ሳያያት ነው የሄደው?» አሉኝ። አዎ ስልዎት ብዙ አዩአት፤ ለሁለት ሰው የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውዬው ባልዲውን እንደያዘ በሩ ጋ ተገትሯል። ከዚያ ተነሱና «አንተ ልጅ፣ ሽቅብ ሳይህ አንገቴ ተቀጨ። ወንበር የተሠራው ለመቀመጫ ነው» ሲሉት ባልዲው ከእጁ አምልጦ ወለሉ በውሃ ተጥለቀለቀ። እኔ እስካሁን እስቃለሁ። እሱ ግን አይስቅም፤ ያን ዕለት ጉልበቱን ገጥሞ፣ የመምህር ፊት እንደቀረበ ተማሪ ተቀምጦ እንደነበረ ያስታውሳሉ።

ሲያደርስዎት መንገድ ላይ ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። «ስለ ፍሪጃቸው» አለኝ። ሌላስ ስለው «ስለ እናቴ» አለ። ያው ያውቁታል።

አበባዋ ረግፋለች። እንደሚሆን ስለማውቀው ብዙም አልከፋኝ።

ትናንት ሴት ልጅዎ ደወለችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል ጉሮሮዋን ጠራርጋ «ለቀኑ ምን ዓይነት ልብስ ላሰፋ?» አለችኝ። ሠርግ የሚለውን ቃል እሷም አላነሳች፣ እኔም ለየትኛው ቀን ብዬ አልጠየቅኋትም። «ደስ ያለሽን» አልኳት፤ ከዚያ ሁለታችንም እያለቀስን የጨርቅ ዋጋ ስናማርር ቆየን።

እርስዎን ያቆይልኝ፤ ጥላዎ ከላዬ አይነሳ።

ልጅዎ