በገና ዱላ ያልተቃና አገጭ

ታኅሣሥ 21
ጤፍ ስንወቃ ዋልን። በታላቅ ወንድሜ በድረስ ጫማ ውስጥ እንሽላሊት ከተትኩ። ጮኸ… አባረረኝ… አልያዘኝም።
ማታ ዳቦ ስገምጥ በተራው ሳቀብኝ። የታች ጥርሴ ከላዩ ቀድሞ ስለሚወጣ በጎን ነው የምገምጠው። እማ "በሰው ስትስቅ አገጭህን እየገፋህ ያመጣኸው ነው" አለች። የአባዬስ አገጭ? ልክ እንደኔ ነው… ሲስቅ ግን አይቼው አላውቅም።

ጥር 2፣ ሆስፒታል
አፌን በሽቦ ጠርቅመውታል። እጄ ግን ይሠራል።
ነገሩ የሆነው በገና ጨዋታ ላይ ነው። እኛ ላይ ቤት፣ ይታያል የሚባለው የሰፈራችን ልጅና ጓደኞቹ ታች ቤት። መሰዳደብ ያው የዕለቱ ወግ ነው፣ በገና አይቆጡም። የመንገዳችንን ከተሞች አምበርንና ሉማሜን ይዤ ጀመርኩት፦
"አፍንጫው ሉማሜ ደርሶ ያድራል ቀድሞ፣
ይታያል አምበር ነው መኪና ሲል ቆሞ።"
ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ስሜን ጠርቶ መለሰልኝ፦
"የእንዳላማው አገጭ ወጥቶ ከደጃፉ፣
ዝናብ የጣለ ለት ውሃ ያቁራል ባፉ።"
እኔም ሳቅሁ። አፍንጫውን ደግሜ ጠራሁ። ኳሷ መሀላችን ወደቀች… ዱላውን አነሳ… ቋ! ኳሷን አልነበረም። ሁለት ጥርስ ከነደሙ ተፋሁ።
ድረስ ይታያልን ጥሎ ፊቱን ሲረግጠው፣ ሽማግሌዎቹ "የገና ነው! የገና ነው!" እያሉ ጎትተው አላቀቁት።
"የገና ፈቃድ እስከ ጥምቀት ነው" አለ ድረስ። "ከዚያ እገድለዋለሁ።"

ጥር 4
ዶክተር ትሕትናን በወረቀት ጠየቅኋት፦ ዱላው አገጬን ወደ ውስጥ አልመለሰውም?
"አንተ! በዱላ የሚቃና ቢሆን እኔ ምን እሠራለሁ? ስብራቱን ወደነበረበት ነው የመለስነው።"
ከአባቴ የወረስኩት ነው አለች። ልጅ ሆኜ፣ አጥንቴ እድገቱን ሳይጨርስ ቢያዩት ኖሮ በብረት ይገራ ነበር። አሁን ሃያ ሞላኝ። ስብራቱ ሲድን ጥርሴን በሽቦ ማሰለፍ፣ ከዚያ መንጋጋውን ቆርጦ ወደ ኋላ መግፋት። አዲስ አበባ።
ቆርጦ!
ድረስ ሰማ። ተነስቶ ወጣ። ጠመንጃውን ሊወለውል ይሆን? ምን ልበለው… በምን አፌ?

ጥር 13፣ ዳግም ሆስፒታል
ለጥምቀት ወደ ቤት ለቀውኝ ነበር፤ ትናንት የመጨረሻው ታቦት ገባ። ድረስ ጠመንጃውን አንግቶ ሲወጣ ተከተልኩት። ይታያል ከወንዙ ማዶ ብቻውን ይመጣል። ድረስ ተንበርክኮ አነጣጠረ። አፈሙዙን ያዝኩ። በሰደፍ ደረቴን ደቃኝ፣ ወደቅሁ። እንደገና አነጣጠረ። ልጮህ… ሽቦው! በግድ ከፈትኩት። ድዴ ሲቀደድ ሰማሁት።
"ይታያል! ተኛ!"
ጥይቱ በላዩ አለፈ። ድረስ ዞር ሲል ደሙ ከአፌ እስከ ሆዴ ወርዷል። ጠመንጃውን ጥሎ ጋቢውን አፌ ላይ ጠቀጠቀው። "ምን አደረግህ? ምን አደረግህ፣ ወንድሜ?"
ወንዙን ተሻግሮ መጥቶ፣ እስከ መኪና መንገድ በጀርባው ያደረሰኝ ይታያል ነው። ድረስ ከኋላ… እያለቀሰ።

ሰኔ 3
ስብራቱ ተጣሞ ስለገጠመ አገጬ አሁን ወደፊትም ወደ ግራም ነው። ዛሬ አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ አዲስ አበባ ጥርሴን ሽቦ ሊያስሩልኝ። ድረስ በቀኝ፣ ይታያል በግራ። ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፣ ግን ከማርቆስ እስከ ደጀን ቃል አልተነጋገሩም።
ደጀን ላይ ይታያል ሙዝ ገዛ። ልጦ ለሁለት ሰበረና ግማሹን በኔ ላይ ለድረስ አሻገረ። "እንካ።" ድረስ አየው… አየው… ተቀበለ።
አባይን ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱም ትከሻዬ ላይ አንቀላፉ። እስክሪብቶ በእጄ ነው። የይታያልን አፍንጫ አየሁ… ተውኩት።
ለድረስ ግን ጢም ሣልኩለት።